«ጡረታው ደርሷል» ተብለው ስለሚሰረዙ ስሞች

በደቡብ ጎንደርም ሆነ በመላው የአማራ ክልል የሥልጠና ዕጩ ለምትመርጡ፣ የሥራ ድልድል ለምታወጡና የጡረታ ደብዳቤ ለምትፈርሙ የሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ የግብርና ባለሙያዎችን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣



ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ከወረታ ነው። ጸሐፊው 57 ዓመቱ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ በግብርና ባለሙያነት የፎገራን ዋልካ ሲረግጥ ኖሯል። ለመጻፍ ያነሣሣው አንድ ወረቀት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን እዚህ መጥራት ሳያስፈልግ፣ የሩዝ ችግኝ አፈላልና አተካከል ሥልጠና መጣ። የዕጩዎቹ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍ የጸሐፊው ስም አራተኛ ተራ ላይ ነበረ፤ በላዩ ግን በእስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል። ከጎኑ ሁለት ቃል ተጽፏል፦ «ጡረታው ደርሷል»።

ያን ጊዜ ለጡረታ ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር። በሩዝ ሲቆጠር ስድስት ክረምት ማለት ነው።

ቅሬታው የአበል አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አበል ስለሆነ ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ቅሬታው ከዚያ መስመር በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። ስሙ አንድ ጊዜ የተሰረዘ ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ ከነጭራሹ አይጻፍም። ሥልጠና ያልወሰደ በመሆኑ አዲስ ሥራ አይሰጠውም፤ አዲስ ሥራ ስለማይሠራም ለሥልጠና «አይመለከተውም» ይባላል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የቀበሌዎችን የሳምንት ሪፖርት ይደምራል። ከዚያ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ «እኮ፣ ሰውዬው ደክሟል» የሚል ይመጣል። ያደከመው ግን ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ በሌላ አገር ወይም በሌላ እህል ቢሆን ምናልባት ይህን ያህል አያሳስብም ነበር። ሩዝ ለፎገራ ሰው የአያት እህል አይደለም። በሜዳው ረግረግ የዱር ሩዝ ሲበቅል ቢታይም፣ ሰው ዘርቶ የሚያጭደው ሩዝ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ሞከሩት። ገበሬው እስከ ዛሬ አብዝቶ ሲዘራው የኖረው «ኤክስ ጅግና» ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ውሃ የሚተኛበት ያ ሜዳ የፎገራ ከብት ይግጥበት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ዛሬ ያው መሬት ሩዝ ያበቅላል። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባው ለከብት ይውላል። ከባሕር ዳር የመጣው መንገድ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚለያይባት ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ የማይለያት ከተማ ሆናለች። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተተከለውም እዚሁ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው የሚያነሣው ከእሱ የሚከተለውን አንድ ነገር ለማሳየት ነው። በፎገራ የሩዝ ዕውቀት ዕድሜ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ያህል ብቻ ነው። ባለሙያው ስለ ጤፍ ቢሳሳት የገበሬው እናት ታርመዋለች፤ አያቷ የነገሯት አለ። ስለ ሩዝ ሲሳሳት የሚያርመው አንድ ትውልድ ብቻ ነው፦ ያኔ በጅግናና በሻጋ ማሳ ዳር ቆመው ያዩ ገበሬዎች፣ ከእነሱም በኋላ ወጣት ሆነው የተቀጠሩ የልማት ሠራተኞች። ገበሬዎቹ አሁን ምርኩዝ ይዘዋል። ባለሙያዎቹ ደግሞ ስማቸው ከዝርዝር እየተሰረዘ ነው።

አንድ ምሳሌ እነሆ። በአንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ከጣና ሐይቅ ወዲህ ካለ ቀበሌ ገበሬዎች ወረዳ ድረስ መጡ። ሩዛቸው ለምልሟል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን ዘለላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፍሬ የያዘ ሩዝ እንደሚያጎነብስ የማያውቅ የለም። ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ሄደው በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ተመለሱ። ትጉዎች ናቸው፤ ያዩትን ከመጽሐፍ ጋር አስተያይተው በሽታ ነው ብለው ጠረጠሩ፤ የሚረጭ መድኃኒትም ሊያዙ ተዘጋጁ። በማግስቱ በዚያው ዓመት ጡረታ የሚወጡ አንድ የሥራ ባልደረባ ማሳው ድረስ ወረዱ። ዘለላውን ቆርጠው ፍሬውን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ጨመቁት፤ ባዶ ነው። በቅጠሉም ሆነ በአገዳው ላይ ሌላ ምልክት ፈለጉ፤ አላገኙም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «መቼ ዘራችሁት?»

ዝናቡ ዘግይቶ ስለነበር የተዘራው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። ሩዙ ሊያብብ የደረሰው የሌሊቱ ብርድ ከገባ በኋላ ነው። በሽታ አልነበረም። ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ሩዝ ደግሞ ፍሬ በሚቋጥርበት ሰሞን ብርድ ካገኘው ዘለላው ባዶውን ይቀራል። ባልደረባው ይህን በሌላ ዓመት፣ በሌላ ቀበሌ አይተውታል። ገበሬዎቹ መድኃኒት እንዳይገዙ፣ የማያፈራውን ሩዝ ለከብት እንዲያጭዱትና እርጥበቱ ሳይሸሽ ጓያ እንዲጥሉበት መከሯቸው። እህሉ አልተረፈም፤ ለመድኃኒት ሊወጣ የነበረው ብር ግን ተረፈ፤ ጓያውም በቀለ።

እኒህ ሰው በተከታዩ ሰኔ ጡረታ ወጡ። ቡና ተፈላ፣ የምስጋና ወረቀት ተነበበ፣ ጋቢ ተሰጣቸው። የሚያውቁትን የጻፈ ሰው ግን አልነበረም። ጸሐፊውም አልጻፈውም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ይጸጸታል።

ዕድሜ በአእምሮ ላይ ምንም አያደርግም ብሎ መከራከር ሐሰት ነው። ጸሐፊው ከራሱ ያውቀዋል። የሰው ስም ቶሎ አይመጣለትም፤ ወጣቶቹ በታብሌት በአምስት ደቂቃ የሚሞሉት ቅጽ እሱን ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ነገር እየሠራ ሌላ ሰው ካናገረው የመጀመሪያውን ይስታል። የአእምሮ ፍጥነት ገና ከወጣትነት ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። ነገር ግን ሁሉም ችሎታ አብሮ አይወርድም። አሜሪካ ውስጥ በሲያትል ዋርነር ሻይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመሩት ጥናት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በየሰባት ዓመቱ እየመለሰ ለአሥርት ዓመታት ፈትኗል። አብዛኛው ሰው በአብዛኛው የአእምሮ ችሎታው እስከ 60 ዓመት ገደማ ጎላ ያለ ማሽቆልቆል እንደማያሳይ ታየ፤ ከሰው ሰውም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። የቃላትና የተጠራቀመ ዕውቀት ደግሞ ከዚያም አልፎ ይዘልቃል። «መቼ ዘራችሁት?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ከሁለተኛው ጎተራ የወጣ ነው። ለጥያቄው ፍጥነት አላስፈለገውም፤ ብዙ ክረምት ማየት ግን አስፈልጎታል።

በዕድሜ ላይ የሚሳበቡ፣ ነገር ግን የዕድሜ ያልሆኑ ነገሮችም አሉ፤ ኃላፊዎች እዚህ ላይ ልብ እንዲሉ ጸሐፊው አጥብቆ ይለምናል። ከአራት ዓመት በፊት ጸሐፊው አንድ ገበሬ ይዞት የመጣውን የአረም መድኃኒት መጠን ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ ነገረው። ጽሑፉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነበር። ገበሬው ከቢሮ ሳይወጣ አንዲት ወጣት ባለሙያ ጠርሙሱን ተቀብላ ደግማ አነበበችውና «ጋሼ፣ ነጥብ አለችው እኮ» አለች። ነጥቧ አልታየችውም ነበር። በእሱ አነጋገር ቢረጭ ኖሮ ሩዙ ከአረሙ ጋር አብሮ ይቃጠል ነበር። ጸሐፊው ያን ሌሊት አልተኛም፤ አእምሮዬ ከዳኝ ብሎ ደመደመ። የከዳው ግን ዓይኑ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠጠረ ቅርብ ያለውን ማየት ያስቸግራል፤ ይህ በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው። መድኃኒቱም ከገበያ የሚገኝ ተራ የማንበቢያ መነጽር ነው። መነጽሩን ከገዛ ወዲህ ያ ስህተት አልተደገመም።

የሕንድ አሳም የሻይ ለቃሚዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑት ለቃሚዎች የቅርብ ማያ መነጽር ሲሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ባልደረቦቻቸው ይልቅ በቀን የሚለቅሙት ሻይ በ22 በመቶ ገደማ ብልጫ አሳየ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እነዚያ ሴቶች መነጽር ከማግኘታቸው በፊት «አረጁ፣ ቀዘቀዙ» ሳይባሉ አልቀሩም።

ደቡብ ጎንደር ለዓይን ጤና እንግዳ አይደለም። ትራኮማን ለመከላከል ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ በየቀበሌው፣ በየቤቱ መድኃኒት ሲታደል ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። የገበሬውን ዓይን ለማዳን እንዲህ የተለፋበት ዞን፣ ለገበሬው የመድኃኒት መጠን የሚያነብለትን ባለሙያ ዓይን በዓመት አንድ ጊዜ ማየት ይከብደዋል ተብሎ አይታሰብም።

ከዓይን ጋር ጆሮም አለ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰበሰባቸው ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ምክንያቶችን ዘርዝረዋል፤ እነዚህን በመከላከል 45 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። ዘገባው የሚናገረው ስለ በሽታው ነው፤ ስም ስለ መዘንጋት አይደለም። ቢሆንም ዝርዝሩን ያነበበ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ የሚያየውን ያገኝበታል፦ ያልታየ የመስማት ችግር፣ ያልታየ የዓይን ችግር፣ ያልታከመ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ ብቸኝነት። ሠላሳ ዓመት በሞተር ብስክሌትና በመፈልፈያ ጩኸት መካከል የዋለ ባለሙያ ስብሰባ ላይ ዝም ሲል ሐሳብ የለውም ይባላል። ምናልባት አልሰማ ይሆናል። በፊንላንድ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ነበር። ከእነሱ ግማሾቹ ለሁለት ዓመት አመጋገባቸው፣ እንቅስቃሴያቸውና የደም ግፊታቸው ክትትል ተደርጎለት፣ አእምሯቸውም ሥራ ተሰጥቶት ቆዩ፤ የተለመደውን ምክር ብቻ ካገኙት ይልቅ በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። እንግዲህ 60 ዓመት ካለፈ በኋላም የሚሻሻል ነገር አለ። በሩን በ54 ዓመት መዝጋት ለምን አስፈለገ?

ደግሞ ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሲያትልና ፊንላንድ ድረስ መሄድ አያሻም። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የወጣ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቦታ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ላይ የሚቀመጡ መምህር ሥራቸው ቀላል አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ማኅሌት ይቆማሉ፤ ከዚያ እስከ ማታ ተማሪ ይሰማሉ። አንዱ የመስከረምን ያዜማል፤ ሌላው የጾሙን፤ ሦስተኛው ከጥግ ሆኖ ትናንት የተቀጸለውን ይለቃል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከመካከል አንዱ አንዲት ምልክት ሲስት፣ እጃቸውን ያነሣሉ፦ «ተው፣ ከላይ ጀምር!» የዓመቱን ሙሉ ዜማ ከነምልክቱ በቃላቸው ይዘውታል። በሰባና በሰማንያ ዓመታቸው እንዲህ የሚያስተምሩ ሊቃውንት በዚህ ዞን አሁንም አሉ።

ጸሐፊው ይህን የሚያነሣው ለተአምር አይደለም። የጉባኤው አሠራር ራሱ አእምሮን ያነቃል። የኔታ በየቀኑ ይጠየቃሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ስህተት ይዞ ይመጣል። ብቻቸውን አይውሉም። በእግራቸው ይሄዳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሥራው ክፍፍል ብልህ ነው፤ ጉልበታቸው ሲደክም ጉባኤው አይታጠፍባቸውም። የበቁት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስቀጽላሉ፤ ለየኔታ የሚቀርበው የተጠራጠሩበትና የመጨረሻው ምስክር ነው። ሩጫው ለወጣቱ፣ ጥርጥሩ ለሽማግሌው ይደርሳል ማለት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ነገሩ ተገልብጧል። ከባዱን ጥያቄ ትናንት የተቀጠረው ልጅ ብቻውን ይጋፈጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያየው ሰው ደግሞ ቁጥር ይደምራል።

በዘመናዊው ሙያም ምሳሌ ሞልቷል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ኢትዮጵያ ገብተው፣ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸውም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ይሠሩ ነበር፤ ለዚህ አካባቢ ሴቶች የደረሰው የባሕር ዳሩ ማዕከልም የእሳቸው ሥራ ቅርንጫፍ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በሚኒሶታ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩና ሲዘረዝሩ አርጅተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በ90 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በዘርፋቸው ተጠያቂ ሊቅ ነበሩ። ሁለቱንም «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ስማቸውን የሰረዘ አልነበረም።

ጸሐፊው የራሱን ይጨምር። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ሪፖርት ሲያጠናቅር ቆየ። ቀድሞ ከአስፋልቱ ሳይወርድ፣ ከመኪና መስኮት ማሳውን አይቶ ይህ ኤክስ ጅግና ነው፣ ያ ጉማራ የሚባለው ዝርያ ነው ይል የነበረ ሰው፣ የአንዳንዱን ዝርያ ስም ማስታወስ አቃተው። በቤቱም ዝምተኛ ሆነ፤ ሚስቱ ታዝባለች። ከዚያ አንዲት ባልደረባ የወሊድ ፈቃድ ወጣችና ለአንድ ክረምት የእሷን ቀበሌዎች እንዲሸፍን ተመደበ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱት። ነሐሴ ላይ፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከገበሬዎች ጋር ስለ አረም ሲከራከር፣ የጠፉት ስሞች አንድ በአንድ ተመልሰው እንደመጡ አስተዋለ። ያን ክረምት የወሰደው ኪኒን የለም፤ የተሰጠው ሥራ ብቻ ነበር።

ሴት ባለሙያዎች ላይ ይህ ይብሳል። ከልጆቿ አስተዳደግ ጋር እየታገለች በመስክ የኖረች ሴት፣ ልጆቿ ራሳቸውን ችለው እሷ ሙሉ ልቧን ለሥራ በምትሰጥበት በ50 ዓመቷ ላይ «ሞተር መንዳት ይከብዳታል» ተብላ ቢሮ ትቀራለች። ጠይቋቸው፤ እነሱ ከጸሐፊው የተሻለ ይናገራሉ።

ወደ እናንተ ስንመለስ፣ ጸሐፊው የእናንተንም ችግር ያውቃል። ሥልጠና ሲመጣ ሃያ ሰው ለሁለት ቦታ ይጠብቃል። ወጣቱ ገና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ በእሱ ላይ የወጣ ገንዘብ ብዙ ይመለሳል ብላችሁ ታስባላችሁ። አስተሳሰቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በተግባር ግን ወጣት ባለሙያ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ሲዛወር፣ ለትምህርት ሲሄድ ወይም የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሲለቅ እናያለን፤ አይፈረድበትም። ወረታ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ዕድር ገብቶ ልጅ የዳረው የ54 ዓመት ሰው ግን እነዚያን ስድስት ክረምቶች እዚሁ ነው። ሌላም እውነት አለ፦ ከእኛ ከአንጋፋዎቹ መካከል ራሳቸውን በራሳቸው የሰረዙ አሉ። አዲስ ነገር ሲመጣ «ይሄ የልጆች ነው» ብለው ወንበራቸውን የሚያዞሩ፣ ወጣቱ ሲጠይቃቸው የሚያኮርፉ። ጸሐፊው ለእነሱ አይከራከርም፤ ቢሆንም ስንቶቹ እንዲህ የሆኑት ከመሰረዛቸው በፊት፣ ስንቶቹስ በኋላ እንደሆነ ቢመረመር ይወዳል።

ደግሞም ይህ ደብዳቤ የጡረታ ዕድሜ ይራዘም አይልም። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መደበኛው የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ 60 ዓመት ነው፤ ጸሐፊው ቀኑ ሲደርስ ቦታውን በደስታ ለተተኪው ይለቃል። የሚጠይቀው ከ60 በፊት ስላሉት ዓመታት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ የማንንም ስም ከሥልጠና ዝርዝር ስትሰርዙ ምክንያቱ ከዕድሜ ሌላ ይሁን። ሥራው የሚመለከተው ከሆነና ቢያንስ ሁለት የሩዝ ክረምት የሚቀረው ከሆነ ይሠልጥን፤ በምላሹም ተመልሶ ለባልደረቦቹ የማሠልጠን ግዴታ ይኑርበት። ይህን በጽሑፍ መመሪያ ብታደርጉት ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ማንኛውም ባለሙያ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በሁለቱ የመጨረሻ ክረምቶች ከአንድ ወጣት ባለሙያ ጋር ተጣምሮ ይሥራ፤ አንድ ማሳ ላይ አብረው ይቁሙ። ወጣቱ በየቀበሌው አንድ መዝገብ ይያዝ፦ ርብ የሞላው መቼ ነው፣ ውሃው የተኛው እስከ የት ነው፣ ምን ዝርያ መቼ ተዘራ፣ ምን አልተሳካም፣ ለምን። የምስጋናው ወረቀት የሚሰጠው ያ መዝገብ ሲረከብ ይሁን። ጥምረቱ ለሽማግሌውም ይጠቅማል፤ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። ወጣቷም ታብሌቱን ታስተምረዋለች። በጠርሙሱ ላይ ነጥቧን ያየችው ወጣቷ ባልደረባ እንደነበረች ጸሐፊው አይረሳም።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። ከክረምት በፊት ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ስትገዙ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ባለሙያ ሁሉ የዓይን፣ የጆሮና የደም ግፊት ምርመራ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አስይዙ። የማንበቢያ መነጽርም ከቦት ጫማው ጋር በአንድ የግዥ ጥያቄ ይግባ፤ ያለ እሱ የመድኃኒት ጠርሙስ ማንበብ አይቻልም።

ከጡረታ በኋላ ደግሞ፣ ሐምሌ ላይ ዘር ሲዘገይና ጥቅምት ላይ ዘለላው ሲታይ፣ የወጡትን ሰዎች ለጥቂት ቀናት በአበል ጥሯቸው። አብዛኞቹ ሩቅ አይደሉም። ዘለላውን በጥፍራቸው የጨመቁት ባልደረባ አሁንም ወረታ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው እስከ ገበያ ወጥተው ይመለሳሉ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ገበሬ ዛሬም «መቼ ዘራህ?» ይሉታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጸሐፊው በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው እየሄደ የሚነግሩትን በደብተር ይጽፋል። እስካሁን አንድ ደብተር ተኩል ሞልቷል።

ጊዜው ለእናንተም ለገበሬውም ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ይህ ጥያቄ ከብዙ አጣዳፊ ጉዳዮች ኋላ ሊሰለፍም ይችላል። የሚቀጥለው የሥልጠና ዝርዝር ግን እንደ ልማዱ ግንቦት ሳይገባ ይወጣል፤ ዘርም ሰኔ ላይ ይጀመራል። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ውሳኔያችሁ በጽሑፍ እንዲገለጽ ጸሐፊው በትሕትና ይጠይቃል። ለውይይት ብትጠሩት በተባለው ሰዓት ይገኛል፤ ደብተሮቹንም ይዞ ይመጣል።

መልሳችሁን በተስፋ እየጠበቀ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የግብርና ባለሙያ
ወረታ